ክሊኩ ስንት ላይ ይሁን? የእጅ ቡና መፍጫ አስተካከል

«የእጅ ቡና መፍጫ ይዣለሁ፤ ስንት ክሊክ ላይ ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ክሊክ ማለት የመፍጫው ማስተካከያ ሲዞር ቀጭ የሚልባት እያንዳንዷ እርምጃ ናት። ጠያቂው የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ብሰጠውም ግን አይጠቅመውም። እኔ መፍጫ ላይ 18 የሆነው እሱ መፍጫ ላይ 30 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥር የምታገኙበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ። አንዴ ካገኛችሁት በኋላ ለሌላ ቡና ማስተካከል ቀላል ነው።

መመሪያው ሾጣጣ ጥርስ ላላቸው የእጅ መፍጫዎች ነው። ዛሬ በእጅ የሚዞሩት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በምላጭ የሚቆራርጡት የኤሌክትሪክ መፍጫዎች እዚህ የሉበትም። እነሱ የሚስተካከል ክፍተት የላቸውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መፍጫው፣ ከነእጀታው
- የተቆላ ቡና፣ ቢያንስ 100 ግራም። ለሙከራ የሚባክን ስለሚኖር ለክብር እንግዳ ያስቀመጣችሁትን አታውጡ
- ሚዛን። የኩሽና ሚዛን ይበቃል፤ ኤስፕሬሶ ለምታወጡ ግን 0.1 ግራም የሚያነብ ያስፈልጋል
- ሰዓት መቁጠሪያ። ስልካችሁ ላይ ያለው ይሆናል
- ነጭ ወረቀት
- ደረቅና ንጹሕ ብሩሽ
- ማርከር
- የምትጽፉበት ነገር

ሚዛን ከሌላችሁ መጀመሪያ ሚዛን ፈልጉ። በማንኪያ እየሰፈሩ መፍጫ ማስተካከል ልፋት ነው። ዛሬ 13 ግራም ነገ 17 ግራም ከሆነ፣ ጣዕሙን የቀየረው ክሊኩ ይሁን ማንኪያው አታውቁም።

ውስጡ እንዴት ይሠራል?

የመፍጫውን ሆድ ከታች ብታዩት ሁለት ጥርሶች አሉ። አንዱ ቀለበት ነው። ከአካሉ ጋር ተጣብቋል፣ አይንቀሳቀስም። ሌላው ሾጣጣ ነው። ዘንጉ ላይ ተሰክቶ እጀታውን ስታዞሩ አብሮ ይዞራል። ቡናው ከላይ ገብቶ በሁለቱ መሃል ይሰበራል፣ እየደቀቀ ይወርዳል፣ በታችኛው ጠርዝ ሾልኮ ይወጣል። የዱቄቱን መጠን የሚወስነው እዚያ ጠርዝ ላይ ያለው ክፍተት ነው።

ማስተካከያው የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ስታጠብቁት ሾጣጣውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ቡናው ይደቅቃል። ስታላሉት ሾጣጣው ወደ ታች ይወርዳል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ቡናው ሽርክት ይሆናል። በብዙዎቹ ላይ ወደ ታች የምትገፋው ዘንጉ ላይ ያለች ትንሽ ሞላ ናት። ሞላዋን አትርሷት፤ ወደ በኋላ ችግር ስንፈልግ እንመለስባታለን።

ይህ ክፍተት ጣዕም ላይ ምን አገባው? ውሃ ከቡናው ጣዕም የሚያወጣው በሚነካው ገጽ ልክ ነው። ቡናው በደቀቀ ቁጥር ውሃ የሚነካው ገጽ ይበዛል፣ ጣዕሙም ቶሎ ይወጣል። በማጣሪያ ለምታወጡ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ ደቃቅ ዱቄት መንገዱን ስለሚዘጋ ውሃው ይዘገያል፣ ከቡናው ጋርም ብዙ ይቆያል። አንድ ክሊክ ሁለቱንም በአንዴ ይነካል። ትንሽ የምትመስለው ዙር ስኒው ውስጥ የምትጎላው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ማስተካከያው የት እንዳለ እወቁ

ሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ከታች፣ ዱቄት መቀበያውን ስትፈቱ ከሾጣጣው ሥር የሚገኝ ክብ ቁልፍ። ታይምሞር ሲ2 እና ኮማንዳንቴ ሲ40 እንዲህ ናቸው። ስታዞሩት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እያንዳንዱ ቀጭታ አንድ ክሊክ ነው። ብዙውን ጊዜ ከታች እያያችሁት ወደ ቀኝ ስታዞሩት ይጠብቃል።

ከውጭ፣ አካሉ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት። ኪንግራይንደር ኬ6 ለምሳሌ እንዲህ ነው። አቅጣጫው ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የተሳለበትን ምልክት እዩ።

ከላይ፣ ከእጀታው ሥር። የሐሪዮ ስከርተንና መሰሎቹ እጀታውና መቆለፊያው ወልቆ ውስጥ ያለው ዳዶ ነው የሚዞረው። ከዚያ መቆለፊያው ተመልሶ ይገባል። አሰልቺ ነው፤ ግን መርሁ አንድ ነው።

አቅጣጫውን አትገምቱ። ባዶውን መፍጫ እያዞራችሁ ማስተካከያውን ወደ አንድ ጎን ውሰዱት። የብረት መፋጨት ድምፅ እየቀረበ ከመጣ ወደ ማጥበቅ እየሄዳችሁ ነው።

ደረጃ 2፦ ባዶ አድርጋችሁ ጥረጉ

ውስጡ ያለውን ቡና ሁሉ ፈጭታችሁ ጨርሱ። መፍጫውን ገልብጣችሁ ጎኑን መታ መታ አድርጉ። ጥርሶቹንና ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ።

ይህን ደረጃ መዝለል ያምራል። አትዝለሉት። በጥርሶቹ መሃል አንዲት ስባሪ ካለች እሷ ትይዝና ዜሮ የደረሳችሁ ይመስላችኋል። ከዚያ በኋላ የምትቆጥሩት ሁሉ ከተሳሳተ ቦታ ይነሣል።

ደረጃ 3፦ ዜሮን ፈልጉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ዜሮ ማለት ሁለቱ ጥርሶች ተነካክተው እጀታው በነፃ መዞር የሚያቆምበት ነጥብ ነው። ክሊክ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ቀለበቱ ላይ የተጻፈው «0» ከዚህ ነጥብ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ እመኑት አልልም።

እጀታውን ገጥማችሁ መፍጫውን አጋድማችሁ ያዙት። እጀታው በራሱ ክብደት ወደ ታች ዘፍ ይላል። ይህ ማለት ጥርሶቹ ገና አልተነካኩም። አሁን ሁለት ሁለት ክሊክ እያጠበቃችሁ፣ በየመሃሉ እጀታውን ወደ ላይ አንሥታችሁ ልቀቁት። መጀመሪያ ላይ እንደ በፊቱ ይወድቃል። ትንሽ ቆይቶ፣ ጆሯችሁን ስታስጠጉ፣ «ሽ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ዙሩን ሙሉ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ጥርሶቹ በአንድ ጎን መነካካት ጀምረዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ አንድ ክሊክ ብቻ። ድምፁ ዙሩን ሙሉ ይይዛል። እጀታው ሲለቁት እየተጎተተ ይወርዳል። በመጨረሻም ለቃችሁት እንኳ ባለበት ይቀራል። እዚያ አቁሙ። ዜሮ ማለት ያ ነው።

ማስተካከያው ከታች ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁልፉን ስታዞሩ በሌላ እጃችሁ እጀታውን ያዙ። ካልያዛችሁት ዘንጉ አብሮ ይዞርና አንድም ክሊክ ሳትንቀሳቀሱ አሥር የቆጠራችሁ ይመስላችኋል።

ሰዎች ቁጥር ሲለዋወጡ የሚጋጩት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ከመጀመሪያዋ «ሽ» ይቆጥራል፣ ሌላው እጀታው ከቆመበት። በሁለቱ መሃል የበርካታ ክሊኮች ልዩነት ሊኖር ይችላል። እናንተ እጀታው የሚቆምበትን ያዙ፣ ሁልጊዜም እሱኑ ተጠቀሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ እጀታው ከቆመ በኋላ ማስተካከያውን በጉልበት አታጥብቁ። ዜሮ ላይ እያላችሁም እጀታውን በኃይል አታዙሩ። የብረት ጥርስ ጠርዙ ይደንዛል፤ የሴራሚክ ከሆነ ሊሸረፍ ይችላል። የተሸረፈ ጥርስ ደግሞ መለወጥ እንጂ መጠገን የለውም።

ደረጃ 4፦ ምልክት አድርጉ

ዜሮ ላይ እንዳላችሁ በማርከር ማስተካከያው ላይና ከጎኑ አንድ ቀጥታ መስመር አስምሩ። ቆጠራ ሲጠፋባችሁ እንደገና ከመጀመር ያድናችኋል። ሙሉ ዙር ስንት ክሊክ እንደሆነም ቆጥራችሁ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ መነሻ ምረጡ

መነሻችሁን የሚወስነው የምታፈሉበት ዕቃ ነው። ቁጥር የማልሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ኮማንዳንቴ ሲ40 በአንድ ክሊክ 30 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ ኪንግራይንደር ኬ6 ደግሞ 16 ማይክሮን። አንዳንዱ «በቃ አባዝቼ አገኘዋለሁ» ይላል። እሱም አያዋጣም። የጥርሱ ቁልቁለት ከመፍጫ መፍጫ ስለሚለያይ፣ ዘንጉ እኩል ቢንቀሳቀስም ክፍተቱ እኩል አይከፈትም። ስለዚህ በዓይንና በጣት እንሂድ። መለኪያችን ጨው ነው።

- ኤስፕሬሶ፦ ከገበታ ጨው የደቀቀ። በጣት ሲጫኑት የሚያያዝ፣ ግን እንደ ልም ዱቄት ያልሆነ
- ሞካ (እሳት ላይ የሚጣደው ባለ ሁለት ክፍል ማፍያ)፦ ከኤስፕሬሶ ሸርከት ያለ፣ ወደ ገበታ ጨው የተጠጋ
- ኤሮፕሬስ (በእጅ የሚገፋ ቱቦ መሰል ማፍያ)፦ የገበታ ጨው አካባቢ
- በወረቀት ማጣሪያ፣ ቪ60 (ሾጣጣ የማጣሪያ መያዣ) እና መሰሎቹ፦ ከገበታ ጨው ሸርከት ያለ
- ፍሬንች ፕሬስ (ወንፊት ያለው መግፊያ የተገጠመለት ማፍያ)፦ ሻካራ ጨው፣ ፍሬው ለየብቻ የሚታይ
- በቀዝቃዛ ውሃ ሌሊቱን የሚዘፈዘፍ ቡና፦ እንደ ፍሬንች ፕሬስ ወይም ከዚያም የሸረከተ

በውሃ ፈልቶ ከነዱቄቱ የሚቀዳው የቱርክ ዓይነት ቡና ልም ዱቄት ይፈልጋል። ሁሉም የእጅ መፍጫ እዚያ አይደርስም። ለመድረስ ብላችሁ ዜሮን አትጋፉ።

የአምራቹ ወረቀት በእጃችሁ ካለ መነሻውን ከዚያ ውሰዱ። መነሻ ብቻ ነው፤ ፍርድ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ጥቂት ፈጭታችሁ እዩ

ከዜሮ እያላላችሁ ወደ ገመታችሁት ቦታ ሂዱ። 3 ወይም 4 ግራም ፍጩ። ነጭ ወረቀት ላይ ስስ አድርጋችሁ በትኑት፤ አጠገቡ ቁንጥር ጨው አድርጉ። በጣታችሁ መሃል አሹት።

የምትፈልጉት ሁሉም ፍሬ ፍጹም እኩል እንዲሆን አይደለም። እንደዚያ የሚፈጭ መፍጫ የለም። ሁልጊዜ ትንሽ ብናኝና ትንሽ ትልልቅ ስባሪ ይኖራል። የምታዩት ብዙው የት ላይ እንዳለ ነው። በጣም ከራቀ አምስት ስድስት ክሊክ አንቀሳቅሱና ድገሙት። ከተቀራረበ ይበቃል፤ የቀረውን ምላስ ይጨርሰዋል።

ደረጃ 7፦ አፍሉ፣ ሰዓት ያዙ

አሁን ከክሊኩ በቀር ሁሉንም ነገር ቆልፉት። ያው ቡና፣ ያው ግራም፣ ያው ውሃ፣ ያው ሙቀት፣ ያው አፈሳሰስ። ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ያለ ውሃ ለአብዛኛው ቡና ይሆናል።

በወረቀት ማጣሪያ፦ 15 ግራም ቡና፣ 250 ግራም ውሃ። ውሃው ከተፈሰሰበት ጊዜ ጀምሮ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ከ2 ደቂቃ ከ30 እስከ 3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ጥሩ ነው።

ኤስፕሬሶ፦ 18 ግራም ቡና አስገብታችሁ 36 ግራም ፈሳሽ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ።

ፍሬንች ፕሬስ፦ 4 ደቂቃ። እዚህ ሰዓቱን የምትወስኑት እናንተ ስለሆናችሁ ስለ ክሊኩ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ መግፊያው ነው። ያለ ምንም ስሜት ዝም ብሎ ከወረደ ሸርክቷል፤ ካስቸገራችሁ ደቋል።

ሞካ፦ ድምፁን ስሙ። ቡናው ሳይቆራረጥ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ከጅምሩ እየተፋ የሚዘልል ከሆነ እሳቱ በዝቶ ወይም ቡናው ሸርክቶ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እሳቱን ቀንሱ።

ሰዓት የመጀመሪያው ምስክር ነው። ማጣሪያው በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ካለቀ መቅመስም አያስፈልግም፤ አጥብቁ። 5 ደቂቃ ከፈጀ አላሉ። ከላይ በተባለው ጊዜ ውስጥ ሲገባ ግን ሰዓቱን ተዉትና ወደ ምላስ ሂዱ። በ2፡40 ያለቀ መጥፎ ቡና አለ፤ በ3፡40 ያለቀ ግሩም ቡናም አለ።

ደረጃ 8፦ ቅመሱ

የሚያቃጥል ቡና ጣዕሙ አይለይም። ትንሽ በረድ ይበል። ያለ ስኳር ቅመሱት፤ ስኳር የምትፈልጉትን ምልክት ይሸፍነዋል።

የሚኮመጥጥ ከሆነ፣ የምላስን ጎን ቆንጠጥ አድርጎ ቶሎ ከጠፋ፣ ከዋጣችሁት በኋላ አፋችሁ ውስጥ ምንም ካልቀረ፣ ጣዕሙ በበቂ አልወጣም። አጥብቁ።

የሚመርር ከሆነ፣ አፍ የሚይዝና ምላስ የሚያደርቅ ከሆነ፣ ምሬቱም ከዋጣችሁት በኋላ አልላቀቅ ካለ፣ ከልክ በላይ ወጥቷል። አላሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደናግራል።

አንደኛው፣ መኮምጠጥና ደስ የሚል የፍራፍሬ ቃና አንድ አይደሉም። ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና ውስጥ ቃናው ሁልጊዜ ይኖራል፤ ልታጠፉት አትሞክሩ። መለያው ጣፋጭነት ነው። ቃናው ከጣፋጭነት ጋር ከመጣ ልክ ናችሁ። ብቻውን ሹል ሆኖ ከመጣ ገና ይቀራል።

ሁለተኛው መቅጠን ነው፤ ከጥያቄዎቹ ግማሹ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል። ቡናው ውሃ ውሃ ሲል ሰው ወዲያው መፍጫውን ያጠብቃል። ቡናው ወፈር ይላል፣ ግን ይመርራል። ከዚያ ያላላዋል፣ እንደገና ይቀጥናል። ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል። ቡናው ጣዕሙ ጥሩ ሆኖ ከቀጠነ ችግሩ መፍጫው አይደለም፤ ቡናው አንሷል ወይም ውሃው በዝቷል። ከ15 ግራም ወደ 16 ወይም 17 ግራም ውጡ፣ ክሊኩን አትንኩት። ክሊክ የሚነካው የጣዕሙን ሚዛን ለማስተካከል ነው፤ ውፍረት የሚስተካከለው በሚዛን ነው።

ይመርራልም ይኮመጥጣልም ካላችሁ ደግሞ ውሃው በቡናው ውስጥ እኩል አላለፈም። በአንድ በኩል ሰንጥቆ ሄዷል፣ በሌላ በኩል ደርቆ የቀረ አለ። ማጣሪያው ላይ ያለውን ቡና አስተካክሉ፣ ውሃውን ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ አፍስሱ። ያም ካልፈታው ጥቂት ክሊክ አላሉ፤ በጣም የደቀቀ ቡና ለመሰንጠቅ ይመቻል።

ደረጃ 9፦ በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅሱ

እያንዳንዱ ክሊክ ብዙ ለሚያንቀሳቅስበት መፍጫ አንድ ወይም ሁለት ክሊክ፣ ትንሽ ለሚያንቀሳቅስበት ሦስት ወይም አራት። ከዚያ በላይ ስትዘልሉ ትክክለኛውን ቦታ ታልፉታላችሁ። ለኤስፕሬሶ ግን አንድ አንድ ክሊክ ብቻ፤ እዚያ አንዲቷ ብቻ ብዙ ሰከንድ ትቀይራለች።

ቡና ውስጡ እያለ አታጥብቁ። በጥርሶቹ መሃል ያለው ስባሪ ስለሚታገል ማስተካከያው ይከብዳል፣ የሚዞርበት የብሎን ክርም ይጎዳል። ማላላት ግን ምንም አይደል።

ከቀየራችሁ በኋላ የመጀመሪያውን 1 ወይም 2 ግራም ፈጭታችሁ ጣሉት። ጠርዙ ላይ የቀረው የድሮው ልክ ዱቄት ነው፤ ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ያሳስታችኋል። ኤስፕሬሶ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል።

ለምሳሌ ይህን እንበል። በወረቀት ማጣሪያ፣ 15 ግራም፣ ከዜሮ 24 ክሊክ። በ2 ደቂቃ አለቀ፣ ይኮመጥጣል። ወደ 22 አጠበቃችሁ፤ 2፡35 ሆነ፣ ኮምጣጣነቱ ለዘበ፣ ግን አጨራረሱ ባዶ ነው። 21 ላይ 2፡55፣ ጣፋጭነት መጣ። ለማጣራት ወደ 19 ወረዳችሁ፤ 3፡30፣ ምላስ ማድረቅ ጀመረ። መልሱ 21 ነው፤ ምናልባት 20። ወደ ምሬቱ ሆን ብላችሁ አንዴ ማለፍ ጥሩ ነው። ድንበሩ የት እንዳለ ካላያችሁ መሃሉን አታውቁትም።

ደረጃ 10፦ ጻፉት

የቡናው ዓይነት፣ ግራሙ፣ ከዜሮ ስንት ክሊክ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን ዓይነት ጣዕም። አንድ መስመር ይበቃል።

ቡና ስትቀይሩ

ከዜሮ አትጀምሩም፤ ከጻፋችሁት ቁጥር ተነሡ። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ተሰባሪ ስለሆነ ብዙ ብናኝ ያወጣል፣ ጣዕሙንም ቶሎ ይለቃል። ሁለት ሦስት ክሊክ አላሉለት። ቀለል ተደርጎ የተቆላው ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አጥብቁለት። እጀታውም ሲዞር ይከብዳል፤ መፍጫው ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

ቡናው ከተከፈተ ሰነባብቶ ከሆነ ውሃው ከበፊቱ ቶሎ ያልፋል። በተለይ ኤስፕሬሶ ላይ ያው ቁጥር ሳምንት ቆይቶ አይሠራም። አንድ ሁለት ክሊክ አጥብቁ።

ማስጠንቀቂያዎች

- ፍሬንች ፕሬስ ላይ መግፊያው እምቢ ካለ በጉልበት አትጫኑ። የሞቀ ውሃ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ቀስ ብላችሁ ሞክሩ፤ ለቀጣዩ አላሉ።
- ሞካ ውስጥ እንደ ኤስፕሬሶ የደቀቀ ቡና አታድርጉ፣ ጠቅጥቃችሁም አትሙሉ። መንገዱ ሲዘጋ ውስጡ ግፊት ይበዛል።
- የብረት ጥርስ ውሃ አይነካም፤ ይዝጋል። ሴራሚክ መታጠብ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ግን አትግጠሙት።
- ያልተቆላ ቡና አትፍጩበት። ጥሬ ቡና እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ዘንጉንም ጥርሱንም ይጎዳል።
- ቡናውን ከማስገባታችሁ በፊት ልቀሙት። አንዲት ጠጠር ጥርስ ትሸርፋለች።
- ድሪል ገጥማችሁ አታዙሩት። ኩሽኔታዎቹ የተሠሩት ለእጅ ፍጥነት ነው።
- ጥርሱ ስለታም ነው። ስትጠርጉ በጣት ሳይሆን በብሩሽ።

ብዙ ሰው የሚስታቸው ነገሮች

ክሊኩንም የቡናውንም መጠን በአንድ ጊዜ መቀየር ቀዳሚው ነው። ቡናው ቢሻሻል ምን እንዳሻሻለው አታውቁም፤ ቢበላሽም እንደዚያው።

ከዜሮ ሳይሆን «አሁን ካለበት» መቁጠርም አለ። ሁለት ሰው የሚጠቀምበት መፍጫ ላይ ይህ ሁልጊዜ ያጣላል። ሌላው ሰው ነክቶት እንደሆነ ምልክታችሁን እዩ።

ሩዝ ፈጭቶ ማጽዳት የሚባል ነገርም አለ። ተዉት። ጥርሱን ያለ ጥቅም ያደክማል፣ ውስጡም ሌላ ብናኝ ይተዋል። ብሩሽ ይበቃል።

እጀታውን በጣም አፍጥኖ ማዞር ደግሞ ዱቄቱን አያስተካክልም። በእርጋታ፣ በእኩል ፍጥነት አዙሩ። ቀለል ያለ ቡና ሲከብዳችሁ መፍጫውን ትንሽ ዘንበል አድርጉት፤ ወደ ጥርሱ የሚገባው ፍሬ ስለሚቀንስ እጃችሁም ይቀልለዋል፣ ዱቄቱም እኩል ይሆናል።

ችግር ሲገጥም

ማስተካከያውን አላልታችሁ ዱቄቱ ያው ደቃቅ ነው? ሞላዋን አስታውሱ። በቡና ብናኝ ተይዛ ወይም ከቦታዋ ወጥታ ጥርሱን ወደ ታች አልገፋችውም። ፍቱት፣ ጥረጉት፣ ግጠሙት። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ የሮንዴላዎቹ ቅደም ተከተል ከተዛባ ወይም አንዷ ከቀረች ዜሮው ይቀየራል። ፈትታችሁ በገጠማችሁ ቁጥር ደረጃ 3ን ድገሙ።

እየፈጫችሁ ድንገት እጀታው ቆመ? አትታገሉት። ወደ ኋላ ትንሽ መልሱት፣ ጥቂት ክሊክ አላሉ፣ ገልብጣችሁ አራግፉ። ብዙውን ጊዜ ጠጠር ወይም ያልበሰለ ጠንካራ ፍሬ ነው። ካወጣችሁት በኋላ ወደ ቁጥራችሁ ተመለሱ።

ዱቄቱ እየተጣበቀ ይበተናል? ፍሬው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጋችሁ አሹትና አስገቡ። አንድ ጠብታ ብያለሁ፤ ጥርሱ ብረት ነው።

ልኩ በየቀኑ ራሱን ይቀይራል? በማርከር ያሰመራችሁትን መስመር ከመፍጨታችሁ በፊትና በኋላ እዩ። መስመሩ ከተንቀሳቀሰ ማስተካከያው እየላላ ነው፤ ክሩን ጥረጉ፣ ሞላዋም ደክማ እንደሆነ እዩ። መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። በግልጽ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል፤ በክሊክ የሚፈታ አይደለም።

ጥርሱ ሲያረጅም ይታወቃል። ያው 15 ግራም ከበፊቱ ብዙ ዙር ይፈጃል፣ ብናኙ ይበዛል፣ ባጠበቃችሁት ቁጥር ምሬቱ ከኮምጣጣነቱ ጋር አብሮ ይመጣል። መለዋወጫ ካለው ጥርሱን ብቻ ቀይሩ። የድሮው ቁጥራችሁ አዲሱ ላይ አይሠራም፤ ዜሮን እንደገና ፈልጉ፣ አዲሱ ጥርስ እስኪገራ ድረስም ቁጥሩ በአንድ ሁለት ክሊክ ወዲያ ወዲህ ቢል አይግረማችሁ።